«ሰመር» በጋ ነው ወይስ ክረምት? የአፍሪካን የዱር እንስሳት ለማየት ወቅት ስለመምረጥ

ዶክትሬቴን በሠራሁበት አገር አንዲት ጠባብ ቢሮ ለአራት ዓመታት የተጋራኝ ባልደረባ ነበረኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ይኸው ሰው እንዲህ የሚል ደብዳቤ ላከልኝ፦ «በሰመር ዕረፍታችን ከባለቤቴና ከልጄ ጋር ወደ አገርህ ልንመጣ አስበናል። ልጄ አሥር ዓመቱ ነው፤ አንበሳ ካላየሁ ብሎ አስቸግሮናል። ጊዜው ይስማማል?» እኔም የትምህርት ዘመኑን የጊዜ ሰሌዳ አገላብጬ፣ የማላስተምርበትን ሳምንት ፈልጌ፣ «በደንብ ይስማማል፤ ኑ» ብዬ መለስኩለት።

ስሕተቴ የተደበቀው «ሰመር» በምትለዋ ቃል ውስጥ ነበር። በትምህርት ቤት እንደተማርነው ሰመር ማለት በጋ ነው። በዩኒቨርሲቲዎቻችን አነጋገር ግን የሰመር ተማሪ የሚባለው በሐምሌና በነሐሴ ዣንጥላውን እያራገፈ ክፍል የሚገባው የክረምት ተማሪ ነው። አንድ ቃል ሁለት ተቃራኒ ወቅቶችን እንዴት ሊሰይም ቻለ? ውድ አንባቢ፣ በስዋሂሊ «ጉዞ» ማለት በሆነውና ዛሬ በመላው ዓለም የዱር እንስሳት ጉብኝት መጠሪያ በሆነው ሳፋሪ ረገድ «የትኛው ወቅት ይሻላል?» ለሚለው ጥያቄ መልሱን የምናገኘው ይህን የቃል ግጭት ስንፈታ ነው።

እንግዶቹ መጡ። በነሐሴ አጋማሽ ወደ አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ወረድን። ሁለት ቀን ሙሉ በጭቃ መንገድ ተንከራተን ያየነው ጥቂት ከርከሮዎችን፣ ከመኪናው ፊት የሚሮጡ ቆቆችንና እስከ ወገብ የደረሰ ለምለም ሣር ነበር። ልጁ በመስኮቱ በኩል ከመመልከት ብዛት ግንባሩ ላይ የመስታወቱ ምልክት ወጣበት። አብረውን የነበሩት አንጋፋ ስካውት ትካዜውን አይተው ወደ እኔ ዞሩና፣ «ዶክተር፣ ዛሬ ውኃው በየጉድጓዱ ነው፤ ማን ብሎ ወንዝ ድረስ ይወርዳል? በጥር ቢመጡ ኖሮ እኔ ሳልሆን ውኃው ራሱ ያሳያችሁ ነበር» አሉኝ። ለፊዚክስ መምህር ከዚህ የበለጠ ተግሣጽ የለም። የፀሐይንና የደመናን ነገር በየዓመቱ ለተማሪ የማስተምር ሰው፣ እንግዳ ስጋብዝ የተመለከትኩት ሰማዩን ሳይሆን የትምህርት ካሌንደሩን ነበር።

የሙቀት ወቅትና የውኃ ወቅት

ባልደረባዬ በሚኖርበት በ50 ዲግሪ ሰሜን አካባቢ በዓመቱ ረጅሙና በዓመቱ አጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከ8 ሰዓት ይበልጣል። በአዲስ አበባ ልዩነቱ አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ እነርሱ ዓመቱን የሚከፍሉት በሙቀትና በብርድ ነው። እኛ ግን የምንከፍለው በውኃ ነው፤ «ክረምት» ስንል የዝናቡን ጊዜ፣ «በጋ» ስንል ዝናብ የሌለበትን ጊዜ ማለታችን ነው። ሐምሌ በእነርሱ ሚዛን ሞቃት ወር በመሆኑ ሰመር ተባለ፤ በእኛ ሚዛን ዝናባማ በመሆኑ ክረምት ሆነ። ሁለቱም ትክክል ናቸው። የዱር እንስሳት ግን የእኛን መዝገበ ቃላት የሚጠቀሙ ይመስላል።

ይህ የውኃ ዓመት የሚዘወረው በፀሐይ ነው። ፀሐይ በአናት ላይ በምትሆንበት የምድር ክፍል መሬቱና ባሕሩ ይሞቃሉ፤ የሞቀው አየር ወደ ላይ ይወጣል፤ ሲወጣም ስለሚሰፋ ይቀዘቅዛል፤ በውስጡ ያለው እንፋሎት ወደ ደመናና ወደ ዝናብ ይለወጣል። ከሰሜንና ከደቡብ የሚነፍሱት ነፋሳት በዚህ ሥፍራ ይገናኛሉና ምድርን እንደ መቀነት የሚከብብ የዝናብ ቀጣና ይፈጠራል። ፀሐይ በዓመት ውስጥ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ስትመላለስ መቀነቱም ይከተላታል፤ ነገር ግን መሬትና ውቅያኖስ ለመሞቅ ጊዜ ስለሚወስዱ በሳምንታት ይዘገያል።

ከዚህ በመነሣት የአህጉሩን ካርታ በግርድፉ መሳል ይቻላል። መቀነቱ ወደ ሰሜን ሲወጣ የኢትዮጵያ ደጋማ ክፍል ክረምቱን ያገኛል። ወደ ደቡብ ሲወርድ፣ ማለትም ከኅዳር እስከ መጋቢት ገደማ፣ ቦትስዋና፣ ዛምቢያና ዚምባብዌ ይዘንባል። የምድር ወገብን የሚጎራበቱት ኬንያና ሰሜን ታንዛኒያ መቀነቱ ሲሄድም ሲመለስም ስለሚያልፍባቸው ሁለት የዝናብ ወቅት አላቸው፤ ረጅሙ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ አጭሩ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ። ተራሮች፣ ሐይቆችና ውቅያኖሶች ይህን ቀላል ሥዕል ያጣምሙታል፤ ለመነሻ ግን ይበቃል። እንግዲህ «የአፍሪካ ደረቅ ወቅት» የሚባል አንድ ነገር የለም። እኛ በነሐሴ ጭቃ ውስጥ ስንዳክር በዚያው ሳምንት ዛምቢያ አቧራው ይጨሳል።

ደረቁ ወቅት ለምን ያሳያል?

የጉዞ ድርጅቶች መጽሔት ሁሉ ደረቁን ወቅት የሚያወድሰው ያለ ምክንያት አይደለም። የመጀመሪያው ምክንያት ስካውቱ የነገሩኝ ነው፤ አንድ ያደገ ዝሆን በቀን ከ100 ሊትር በላይ ውኃ ይጠጣል፤ ጎሽም ከውኃ ርቆ መሰንበት አይችልም። ኩሬዎቹ ሲደርቁ በሰፊ ምድር ላይ ተበታትኖ የነበረው ሁሉ ወደ ጥቂት ነጥቦች ይሰበሰባል። አንበሳም ይህን ያውቃልና ነጥቦቹ አጠገብ ይተኛል።

ሁለተኛው ምክንያት የብርሃን ጉዳይ ነው። ቁጥቋጦ ውስጥ አሻግሮ ማየት በጭጋግ ውስጥ እንደ ማየት ነው፤ ዕይታው የሚቀንሰው በመደመር ሳይሆን በመባዛት ነው። ለምሳሌ ያህል እያንዳንዱ 10 ሜትር የለመለመ ቁጥቋጦ የዕይታን ግማሽ ይጋርዳል እንበል። በ50 ሜትር ርቀት የሚቀረን ከሠላሳ ሁለት አንድ እጅ ብቻ ነው። ቅጠሉ ረግፎ እያንዳንዱ 10 ሜትር አንድ አምስተኛውን ብቻ ቢጋርድ ግን በዚያው ርቀት አንድ ሦስተኛው ያህል ይቀርልናል። ልዩነቱ ከአሥር እጥፍ በላይ ነው! ዛፉ ቅጠሉን በጥቂቱ ሲያራግፍ ጫካው በአንድ ጊዜ የተከፈተ የሚመስለን ለዚህ ነው።

ይሁን እንጂ ደንቡ ለሁሉም አይሠራም። የአዋሹ ሳላ ውኃ ሳይጠጣ ለረጅም ጊዜ መቆየት ይችላል፤ ከሚበላው ቅጠልና ሣር እርጥበት ያገኛል፤ ቀን ላይ በማላብ ውኃ ከማባከን ይልቅ የሰውነቱ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ እንዲወጣ ይፈቅዳል፤ ያጠራቀመውንም ሙቀት ሌሊት ለቀዝቃዛው ሰማይ ይመልሳል። ስለዚህ ሳላን በወንዝ ዳር ሳይሆን በኢላላ ሳላ ሜዳ ላይ መፈለግ ነው። ለሳላ ወሳኙ የሣሩ ቁመት እንጂ የውኃው ነጥብ አይደለም።

አንድ ነገር ደግሞ ሳይነገር መታለፍ የለበትም። «ምርጥ ዕይታ» የምንለው ብዙ ጊዜ ለእንስሳው ክፉ ቀን ነው። በመጨረሻዋ ኩሬ ዙሪያ የተሰበሰበው መንጋ ለፎቶግራፍ ያማረ ቢሆንም የተሰበሰበው ተርቦና ተጠምቶ ነው። ይህን ስል አትሂዱ ማለቴ አይደለም፤ መኪናን ከውኃው ገፋ አድርጎ ማቆም ግን የጨዋ ጎብኚ ግዴታ ነው። መንገዳቸው በመኪና የተዘጋባቸው እንስሳት ሳይጠጡ ሲመለሱ የማየት ዕድል ገጥሞኛል፤ ደስ አይልም።

ወቅት ሳይሆን ቦታ የሚለዋወጥበት ሴሬንጌቲ

በታንዛኒያው ሴሬንጌቲና በኬንያው ማሳይ ማራ «መቼ ልሂድ?» የሚለው ጥያቄ ወደ «የት ልሂድ?» ይለወጣል። 1.3 ሚሊዮን ያህል ዊልደቢስቶች (በሬ የሚመስል ጭንቅላትና የፈረስ ጭራ ያለው የአንቴሎፕ ዓይነት) ከመቶ ሺዎች የሜዳ አህዮች ጋር ዓመቱን ሙሉ ይዞራሉ። ምክንያቱ የዝናብ መጠን ልዩነት ነው። የደቡብ ምሥራቁ ሜዳ በዓመት 500 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ሲያገኝ ሰሜን ምዕራቡ እስከ 1,200 ሚሊ ሜትር ያገኛል፤ ለዚህም የቪክቶሪያ ሐይቅ ትልቅ ድርሻ አለው።

አመክንዮው እርጥብ በሆነው ሰሜን መኖር ነበር፤ እንስሳቱ ግን በዝናቡ ወራት ወደ ደረቁ ደቡብ ይወርዳሉ። የደቡቡ ሜዳ አፈር ከእሳተ ገሞራ አመድ የተሠራ ነው፤ አጭሩ ሣር በካልሲየምና በፎስፈረስ የበለጸገ በመሆኑ ለምታጠባ እናት ተመራጭ ነው። ከጥር አጋማሽ ጀምሮ ባሉት ጥቂት ሳምንታት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ጥጆች በአንድነት ይወለዳሉ። ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ መወለዱ ራሱ መከላከያ ነው፤ ጅብና አንበሳ የቱንም ያህል ቢበሉ ሆዳቸው ወሰን አለው። ሜዳው ሲደርቅ ወደ ምዕራብና ወደ ሰሜን ይጓዛሉ፤ በፊልም የምናውቀው አዞ የሚጠብቀው የማራ ወንዝ መሻገሪያ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ይታያል። እኔ ብጠየቅ የጥሩን ወሊድ ከወንዙ መሻገር አስበልጣለሁ። በወንዙ ዳር ከአዞው ይልቅ የመኪናው ሰልፍ ያስፈራል።

በነገራችን ላይ ይህ መንጋ የዛሬ ስድሳ ዓመት አልነበረም ማለት ይቻላል። በአገራችን «ክፉ ቀን» ለተባለው ረኃብ ዋና ምክንያት የሆነውና በ1880ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ በምፅዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ ወደ ደቡብ ዘልቆ የሴሬንጌቲን ዊልደቢስትም ፈጅቷል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ቁጥራቸው ሩብ ሚሊዮን ያህል ነበር። በአካባቢው የከብት ክትባት ተስፋፍቶ በሽታው ከጠፋ በኋላ ከሃያ ዓመት ባነሰ ጊዜ ከሚሊዮን አለፉ። በ2011 እ.ኤ.አ. በሽታው ከምድር ገጽ መጥፋቱ ታውጇል።

በድርቅ ወቅት የሚሞላ ወንዝ

የቦትስዋናው ኦካቫንጎ ደግሞ የካርታችንን ሕግ ሁሉ የሚገለብጥ ይመስላል። ዝናቡ የሚዘንበው ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት በአንጎላ ደጋ ላይ ነው። ውኃው ወደ ቦትስዋና ሲወርድ የሚያገኘው ምድር እጅግ ሜዳ ስለሆነና ደንገሉም ስለሚይዘው ጉዞው ወራት ይፈጃል። ስለዚህ ጎርፉ ደልታውን የሚሞላው አንዲት የዝናብ ጠብታ በማይወርድበት በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ ገደማ ነው። ውኃው ባሕር አይደርስም፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም እዚያው በትነትና በእጽዋት በኩል ወደ አየር ይመለሳል። በዙሪያው ያለው ካላሃሪ ሲደርቅ ዝሆኑ፣ ጎሹና አንበሳው ወደዚህ ይጎርፋሉ። በታንኳ ተቀምጦ በድርቅ ወራት መቅዘፍ የሚቻልበት ሌላ ሥፍራ እምብዛም አላውቅም።

የቀኑ ሰዓትና ጨረቃ

ወር ከተመረጠ በኋላ ሰዓት ይመረጣል። በምድር ወገብ አካባቢ ፀሐይ ቀጥ ብላ ስለምትወጣ ለዓይንም ለካሜራም የሚመቸው ለስላሳ ብርሃን ከአንድ ሰዓት ብዙ አይበልጥም። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ካለፈ በኋላ የጋለው መሬት አየሩን ያናውጣል፤ በሩቅ ማሳያ ሌንስ ሲታይ ቀጭኔው በውኃ ውስጥ እንዳለ ይርገበገባል። ይህን በውድ ካሜራ ማስተካከል አይቻልም፤ በማለዳ መነሣት ብቻ ነው።

ሌሊቱ ደግሞ የጆሮ ነው። በዚያች የነሐሴ ጉዞ ሁለተኛ ሌሊት ደመናው ገለል ብሎ ሳለ ከሩቅ የአንበሳ ግሣት ሰማን። ልጁ ድንኳኑ ውስጥ ተነሥቶ ተቀመጠና «ምን ያህል ይርቃል?» አለኝ። ያኔ «ሩቅ ነው፤ ተኛ» ብዬ አለፍኩት እንጂ እውነተኛው መልስ የተሻለ ነበር። ቀን ላይ ከመሬት አጠገብ ያለው አየር ስለሚሞቅ ድምፅ ወደ ላይ ታጥፎ ይጠፋል። ጥርት ባለ ሌሊት ግን መሬቱ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ስለሚለቅ የታችኛው አየር ከላይኛው ይልቅ ይቀዘቅዛል፤ ድምፅም ወደ መሬት ይታጠፋል። የአንበሳ ግሣት በእንዲህ ያለ ጸጥታ 8 ኪሎ ሜትር ያህል ሊጓዝ ይችላል። ዝሆኖችም ሰው ሊሰማው በማይችል እጅግ ወፍራም ድምፅ እንደሚነጋገሩ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ኬቲ ፔይን የተባሉ ተመራማሪ ደርሰውበታል። በናሚቢያው ኤቶሻ በተደረገ ጥናት እንደተገመተው ይህ ጥሪ በምሽቱ የተረጋጋ አየር እስከ 10 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ሰማዩ የሚጠራው በደረቁ ወቅት ነውና የሌሊቱም ድምፅ የሚደምቀው በዚያው ጊዜ ነው።

ጨረቃንም መቁጠር ይገባል። አንበሳ የሚያድነው በጨለማ ተሸሽጎ ስለሆነ ጨረቃ በደመቀችባቸው ሌሊቶች ብዙ ጊዜ ጦሙን ያድራል። በታንዛኒያ በሰው ላይ የደረሱ በመቶዎች የሚቆጠሩ የአንበሳ ጥቃቶችን የመረመረ በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ጥቃቱ የሚበዛው ሙሉ ጨረቃ ባለፈች ማግሥት ባሉት ቀናት መሆኑን አሳይቷል። ጨረቃ በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል እየዘገየች ስለምትወጣ ያን ጊዜ ከምሽቱ መጀመሪያ ላይ ጨለማ ይፈጠራል፤ የተራበውም አንበሳ ይንቀሳቀሳል። ከመኪና ሳይወርዱ አንበሳ ለማየት ለሚሻ ይህ መልካም ወሬ ነው። ከድንኳን ወጥቶ ለሚንሸራሸር ግን አይደለም።

ወደ አገራችን ስንመለስ

ለስሜን ተራሮች የእኔ ምርጫ መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ነው። ዝናቡ አቁሟል፤ አየሩን ከአቧራ አጥቦታል፤ ገደሉ እስከ ታች ይታያል፤ ጭላዳውም በአረንጓዴው ሣር ላይ ተቀምጦ ይነጫል። በመጋቢት ቢሄዱ ዋልያውና ጭላዳው አሉ፤ ከአቧራው የተነሣ ግን ከሩቅ ያለው ተራራ ደብዝዞ ይታያል። ባሌ ከጥቅምት ጀምሮ መልካም ነው፤ የቀይ ቀበሮ ቡችሎች የሚወለዱት ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ በመሆኑ በጥር ከጉድጓዳቸው ወጥተው ሲጫወቱ ማየት ይቻላል። ነገር ግን በ4,000 ሜትር ከፍታ ላይ የተዘረጋው ሳነቴ በበጋ ሌሊት በረዶ ይጋግራል፤ ለድምፅ የሚመቸው የጠራ ሰማይ ለእንቅልፍ አይመችም።

ከሁሉም በላይ የሚያስቆጨኝ በጋምቤላ አዋሳኝ ያለው ነገር ነው። በደቡብ ሱዳን በ2023 እ.ኤ.አ. ከአየር ላይ ተቆጥሮ በ2024 ይፋ የሆነው ውጤት ነጭ ጆሮ ቆርኬን ጨምሮ 6 ሚሊዮን ያህል አንቴሎፖች በዚያ ምድር እንደሚዘዋወሩ ገምቷል። ይህ ከሴሬንጌቲ ይበልጣል! ቆርኬዎቹ በድርቁ ወራት ያልደረቁትን ረግረጎች ተከትለው ወደ ሰሜን ሲመጡ ከፊሉ ወደ ጋምቤላ ይዘልቃሉ። መንገዱ የሚያስገባውም በእነዚሁ ወራት ብቻ ነው። የጸጥታው ሁኔታ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ከመሄድ በፊት ጠይቆ ማረጋገጥ ግድ ይላል።

ወፍ የሚወድ ሰው ግን እስካሁን ያልኩትን ሁሉ ሊተወው ይችላል። ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡ ተሰዳጅ ወፎች ከመስከረም እስከ መጋቢት በስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ይሰነብታሉ፤ የአገሩ ጎጆ ሠሪዎች በበኩላቸው ላባቸውን የሚያስጌጡት ዝናቡን ጠብቀው ነው።

ካሌንደሩ ሲከዳ

እስካሁን የተናገርኩት ስለ አማካይ ዓመት ነው። ማንም ደግሞ በአማካይ ዓመት ውስጥ አይጓዝም። የሕንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ክፍል ከምሥራቃዊው ይበልጥ ሲሞቅ የምሥራቅ አፍሪካ አጭሩ ዝናብ ይበረታል፤ በ2019 እ.ኤ.አ. የሆነው ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 መጨረሻ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ። የኬንያ መንግሥት ባወጣው ሪፖርት በ2022 በዘጠኝ ወራት ውስጥ ብቻ 205 ዝሆኖችና 512 ዊልደቢስቶች በድርቁ ሞተዋል። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ በማሳይ ማራ የታሌክ ወንዝ ሞልቶ የጎብኚዎችን ካምፖች አጥለቀለቀ፤ ሰዎች በሄሊኮፕተር ተወሰዱ። በአምስት ዓመት ውስጥ ያው ምድር ሁለት ጊዜ ሰጥሞ አንድ ጊዜ ተቃጥሏል። ስለዚህ የጉዞ መጽሔት ላይ የታተመውን የወራት ሰንጠረዥ ብቻ አምኖ ከመነሣት፣ ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በፊት የወቅቱን የዝናብ ትንበያ መመልከትና በቦታው ላለ ሰው ስልክ ደውሎ «ኩሬው ደርቋል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ባለፈው ጊዜ የጻፈልኝ አባትየው ሳይሆን ልጁ ነው። አሁን ድምፁ ጎርንኗል መሰለኝ፤ ጽሕፈቱም እንደ ትልቅ ሰው ሆኗል። በዚህ ዙር ስለ ሰመር አላነሣም፤ «እናንተ በጋ የምትሉት በየትኛው ወር ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ጥር ብዬ መለስኩለት፤ ከሙሉ ጨረቃ ማግሥት ባለው ሳምንት አዋሽ እንድንሆን፣ ከዚያ ወደ ባሌ እንድንወጣ፣ ለሳነቴም ወፍራም ካፖርት እንዲይዝ። ለስካውቱም ደውዬ ነግሬያቸዋለሁ።